«ውሃውን አሞቃችሁት?»

ባለፈው ሐምሌ አንድ ደንበኛችን ስልክ ደወለና «ውሃውን አሞቃችሁት?» ሲል ጠየቀኝ። ዱባይ ውስጥ፣ ጁሜይራ፣ አንድ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ጋራዡ ኤሲ የለውም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ፊት ለፊቴ ያለው በርሜል ውስጥ የተንጠለጠለው ቴርሞሜትር 38 ይላል። ሥራችን ቤት ለቤት እየዞርን የዓሣና የኮራል ገንዳ አሮጌ ውሃ በከፊል ቀድተን በአዲስ መተካት ነው። በርሜሉ የያዘው ለሰውየው አኳሪየም የተዘጋጀ የጨው ውሃ ነው። ማንም እሳት አልለኮሰበትም። ዱባይ ራሷ ናት ያሞቀችው።

«ሞቋል ሰር፣ በደንብ ሞቋል» አልኩት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሳቄ አመለጠኝ። አብሮኝ የሚሠራው ኩያም ሳቀ። ኩያ ፊሊፒኖዎች ታላቅ ወንድማቸውን የሚጠሩበት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው በሉት። እዚህ በዕድሜ ከፍ ያለ ፊሊፒኖ ሁሉ ለኛ ኩያ ነው። ማታ ክፍሌ ስገባ ግን ሳቁ ጠፍቶ ጥያቄው ብቻ ቀረ።

ሰውየው ሞኝ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር። ግን ስለ ኮራል፣ ድንጋይ ላይ ተተክሎ ስለሚኖረው የባሕር እንስሳ፣ ከኔ በላይ ያውቃል። ከሰሜን አውሮፓ ነው የመጣው። እዚያ እያለ ለዓመታት ቤቱ ውስጥ ኮራል አሳድጓል። በረንዳ ላይ ያደረ በርሜል በጥር ወር ምን እንደሚመስል እጁ ያውቀዋል። ስለዚህ ውሃ መቀየር ሲባል ቀድሞ የሚታየው ሂተር፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያ ነው። እኔም ሐምሌ ሲባል ዛሬም ቀድሞ የሚታየኝ ጋቢና ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።

ደግሞ እሱ ብቻውን አይደለም። የኛን መኪና ብትከፍቱ የሥራ ዕቃ ዝርዝር በር ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር «ሂተር» ይላል። ሐምሌም ነሐሴም ሂተሩ ከኛ ጋር ከቪላ ቪላ ይዞራል። ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ የለም። ቪዲዮ ስከፍትም ያው ነው። ሹራብ የለበሰ ሰው፣ ምድር ቤት፣ ባልዲ፣ ሂተር። «አዲሱን ውሃ ወደ 25 ወይም 26 ዲግሪ አምጡት» ይላል። አምጡት ሲል አሙቁት ማለቱ ነው። ውሃው ገና ሲጀመር ከ26 በላይ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ እሱ ሰፈር አልደረሰም።

እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል ይላል የኛ ሰው። እኔ ካየሁት መመሪያ ሁሉ ግን ይሄኛውን ወንዝ የተሻገረ አላገኘሁም።

ሰማያዊው ያቃጥላል፣ ቀዩ ያቀዘቅዛል

በሙቀቱ ወራት ዱባይ ያልኖረ ሰው ይሄን ለማመን ይቸገራል። የቧንቧ ውሃ መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወዳለ ታንከር ይወጣል። ታንከሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍት እጅህን ቶሎ ነው የምትስበው። አሮጌ ሕንፃ ላይ ከሆነማ ሻወር መውሰድ አይቻልም።

ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር በጋራ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ መፍትሔውን ያውቃል። መታጠቢያ ቤት ያለውን የውሃ ማሞቂያ ታጠፋዋለህ። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ ስለሚያድር ይበርዳል። ከዚያ ቀዩን ትከፍታለህ። አዲስ የመጣ ሰው ሰማያዊው እያቃጠለው ቀዩ ሲያቀዘቅዘው ግራ ገብቶት ሲወጣ አይተን ብዙ ስቀናል።

ዓሣውም ይሄንኑ ውሃ ነው የሚጠብቀው። የውሃው ታሪክ ራሱ ያስቀኛል። ከባሕር ተቀድቶ ጀበል አሊ ላይ ጨዉ ይወጣለታል። በቧንቧ ወደ ከተማ ይመጣል። እኛ ደግሞ አር ኦ በሚባለው፣ ውሃውን በስስ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ በሚያሳልፈው ማጣሪያ እንደገና እናጣራውና ተመልሰን ጨው እንጨምርበታለን። «ለምን በቀጥታ ከባሕሩ አትቀዱም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የባሕረ ሰላጤው ውሃ በኪሎ ከ40 ግራም በላይ ጨው አለው። አኳሪየም የምንይዘው 35 ላይ ነው። በዚያ ላይ ዳር ዳሩን ጀልባና ግንባታ ሞልቶታል። እና ክረምታችን በሆነው ወር ባሕሩ ራሱ 35 ዲግሪ ይደርሳል።

ማጣሪያውም ሙቀቱን አይወደውም። የአር ኦ ሜምብሬን፣ የዚያ ስስ ሽፋን፣ አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ውሃ ነው። ውሃው ሲሞቅ በፍጥነት ያልፋል። የማያውቅ ሰው ደስ ይለዋል፣ በርሜሉ ቶሎ ሞላልኝ ብሎ። ግን ከውሃው ጋር አብሮ የሚሾልከው ቆሻሻም ይጨምራል። ከ45 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሜምብሬኑ ራሱ ይበላሻል። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ወደዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ስለዚህ እኛ የምናጣራው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ነው።

የምናጣራው ውሃ ግን ጋራዥ ውስጥ ይውላል። ለሰው ሕግ ወጥቶለታል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ለበርሜል ግን የወጣ ሕግ የለም።

ክዳኑ ላይ የተጻፈው

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እኔ ቢሮ ደውለን ሥራውን ለሌላ ቀን እናስተላልፈው አልኩ። 38 ዲግሪ ውሃ 26 ዲግሪ ገንዳ ላይ? ቀቅለናቸው ልንሄድ ነው?

ኩያ አልመለሰልኝም። ከኪሱ ማርከር አወጣ። የበርሜሉን ነጭ ክዳን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ላቡ ክዳኑ ላይ ጠብ ይላል። በክንዱ እየጠረገ መጻፍ ጀመረ።

ገንዳው ከነሳምፑ፣ ማለትም ከሥር ካለው ማጣሪያ ሳጥን ጋር፣ 500 ሊትር ነው። የምንቀይረው 50 ሊትር፣ አሥር በመቶ። 50 ሊትር በ38 ሲባዛ 1900። የሚቀረው 450 ሊትር በ26 ሲባዛ 11700። ድምሩ 13600። ለ500 አካፈለው። 27.2።

«አንድ ነጥብ ሁለት ዲግሪ ነው ብሮ» አለኝ። «መብራቱ በርቶ ሲውል ስንት ይጨምራል?»

ይሄን አውቀዋለሁ። ጠዋት 25.5 የነበረው ገንዳ፣ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ሲበራበት ማታ 26.5 አካባቢ ይገኛል። ኮራሎቹ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ የፈራሁት ነገር ከአንድ ተራ ቀን ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ልዩነቱ የቀኑ በሰዓታት ይመጣል፣ የኛ በደቂቃዎች።

ኩያ አልጨረሰም። የጻፈውን በመዳፉ አጠፋና 50 በነበረበት 150 ጻፈ። ሌላ ደንበኛችን በወር አንዴ የሚያስቀይረው ያህል፣ ሠላሳ በመቶ። 150 በ38፣ 5700። 350 በ26፣ 9100። ሲደመር 14800። ለ500፣ 29.6። ከቁጥሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከ26 ተነስቶ ወደ 30 ሊጠጋ ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው። በርሜሉ ያው 38 ነው።

ያቺ ክዳን ላይ ያለች ስሌት ስለዚህ ሥራ የማስብበትን መንገድ ቀየረችብኝ። እስከዚያ ድረስ እኔ የማየው በርሜሉን ነበር። ስንት ዲግሪ ነው? ትክክል ነው፣ አይደለም? ገንዳው ግን የበርሜሉን ዲግሪ አያውቅም። የሚሰማው ልዩነቱ ከድርሻው ጋር ሲባዛ ነው። የ12 ዲግሪ ልዩነት አሥር በመቶ፣ 1.2። ይሄ ብቻ። ከሰሜን የመጣው ሰውዬ 14 ዲግሪ ውሃ ይዞ አሥር በመቶ ቢቀይር ገንዳው 1.2 ይወርድበታል። የሱና የኛ ስሌት አንድ ነው። ምልክቱ ብቻ ነው የተገለበጠው።

እዚህ ላይ ግን ቆም አልኩ። በወረቀት አንድ ነው። ለኮራሉስ?

እኔ አንድ አይደለም ባይ ነኝ። ኮራል የሚኖረው ከሙቀቱ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ ነው። ሰውነቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ አለ። አብዛኛውን ምግቡን የሚሠራለት እሱ ነው፣ ከቀለሙም ብዙው የሱ ነው። ባሕር ላይ ሙቀቱ ከለመደው የዓመቱ ሞቃት ወር በአንድ ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌው መውጣት ይጀምራል። ኮራሉ ይነጣል፣ ይራባል። ወደ ታች ሲሆን ግን ሁለት ዲግሪ ቢወርድም አብዛኛው ይችለዋል። ትንሽ ይኮማተራል፣ ነገ ይከፈታል።

ኦክስጅኑም አለ። የባሕር ውሃ 25 ዲግሪ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 35 ላይ ከ6 በታች ይወርዳል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ዓሣው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ፍላጎቱ ሲወጣ አቅርቦቱ ይወርዳል። የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ይሄ ችግር የለም። የሰሜኑ ሰው ሲሳሳት ዓሣው ይፈዛል፤ እዚህ የተሳሳተ ሰው ዓሣ ያፍናል። ለዚህ ነው ሂተርን ከሁሉ በላይ የሚያስቀድም ዝርዝር እዚህ አገር የማይመቸኝ።

የዚያን ቀን 50 ሊትሩን ቀየርን። ያውም በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አይደለም። ኩያ ወደ ሳምፑ በቀጭን ቱቦ እንዳወርደው አደረገኝ። «ቀስ» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ቀስ»። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን በእንግሊዝኛ ልነግረው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የሞቀው ውሃ ሲገባ በዓይን ይታያል። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፣ ግን የተገናኙበት ቦታ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ያለው የቱቦ መስመር ይጣመማል፣ ይመለሳል። ጨዉ እኩል ከሆነ የሞቀው ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ቀዝቃዛ አገር ላይ አዲሱ ውሃ ወደ ታች ሰምጦ አሸዋው ላይ ያሉትን ይመታል። እኛ ጋ ደግሞ ከላይ ያሉትን፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ የተተከሉትን፣ ከሁሉ ይልቅ ሙቀት የማይወዱትን ነው የሚያገኘው። ፓምፑ ከሠራ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላቀላል። በባልዲ ከላይ ከደፋኸው ግን እነዚያ ደቂቃዎች ለጫፉ ኮራል ረጅም ናቸው።

ሳሎን ገብቼ አየሁት። ሐምራዊው ታንግ፣ ቢጫ ጅራት ያለው፣ የቀይ ባሕር ልጅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ድንጋዩን ይግጣል። ይሄን ዓሣ ሁሌም እንደ ጎረቤቴ ነው የማየው። ከሁላችን ይልቅ ሙቀት የለመደው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሳሎኑ ግን 22 ዲግሪ ነው። ኤሲው ስለሚያቀዘቅዘው በዚያ ሙቀት መሐል የገንዳው ሂተር እየሠራ ነበር። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ አንዱ ውሃ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ ሌላው ጋራዥ ውስጥ በነፃ ይቀቀላል።

በረዶ፣ ማራገቢያ፣ እንስራ

እሺ፣ ማቀዝቀዝ ካስፈለገስ? ቺለር የሚባል የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን አለ፣ ዋጋው ግን ለሁሉም አይሆንም። ደግሞ ቺለር ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ከውሃው አውጥቶ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚተፋው። ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ራሱን በራሱ ያደክማል።

ብዙ ሰው የሚያስበው በረዶ ነው። እኔም የክዳኑን ስሌት ካየሁ በኋላ ማስላት ስለለመደብኝ አሰላሁት። 50 ሊትር የጨው ውሃ ከ38 ወደ 26 ለማውረድ አምስት ኪሎ ተኩል ያህል በረዶ ይፈልጋል። በአንድ ተኩል ሊትር የውሃ ጠርሙስ የተጋገረ ከሆነ አራት ጠርሙስ ማለት ነው። ጠርሙሱ ተዘግቶ ይገባል እንጂ በረዶው እንዳለ አይጨመርም። ከተጨመረ ውሃው ይቀጥናል፣ ለጨዉ የደከምንበት ሁሉ ገደል ይገባል። አራት ጠርሙስ ቀላል ይመስላል። በቀን ስድስት ቤት የምትዞር ከሆነ ግን ፍሪጅ ሳይሆን የበረዶ ፋብሪካ ነው የሚያስፈልግህ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የማረከኝ ማራገቢያው ነው። ተራ ትንሽ ማራገቢያ፣ ወደ ውሃው ገጽ አዙረህ ትከፍታለህ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የመቶ ሊትር ውሃን ሙቀት በስድስት ዲግሪ ገደማ የሚቀንስ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይሄን ሳሰላ ደገምኩት፣ አላመንኩትማ። ያ አምስት ኪሎ ተኩል በረዶ የሚሠራውን ሥራ አንድ ሊትር ትነት ይሠራዋል።

እና ወዲያው አያቴ ቤት በር ጥግ የነበረው እንስራ ትዝ አለኝ። ላዩ ሁሌ ወዝ ወዝ ይላል። እጅህን ስታስነካው እርጥብ ነው። ውሃው ግን ጥርስ ያማል። ሸክላው ቀስ እያለ ያልበዋል፣ ላቡ ይተናል፣ የቀረው ይበርዳል። ፍሪጅ ባልነበረበት ቤት የጠጣነው ሁሉ በዚህ መንገድ የቀዘቀዘ ነው። ማራገቢያ ያለው ገንዳ እንስራ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

እንስራው የማይሠራበት ቀን ግን አለ። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከሞላ ውሃው የት ይተናል? የነሐሴ ሌሊት ዱባይ ከቤት ስትወጣ መነጽርህ በጉም ይሸፈናል። እንዲያ ባለ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ማራገቢያ መክፈት ሞቃት አየር ማንገላታት ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ኤሲው አየሩን ስለሚያደርቀው ጥሩ አድርጎ ይሠራል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ ጨዉ ይቀራል፣ ይወፍራል። ስለዚህ የጎደለውን በጨው ውሃ ሳይሆን በተጣራው ባዶ ውሃ መሙላት ግዴታ ነው።

ባሕሩም በዚሁ ሕግ ነው የሚኖረው። የባሕረ ሰላጤው ኮራሎች በዓለም ላይ ሙቀት በመቻል የታወቁ ናቸው። በ2017 ግን የአቡ ዳቢ ኮራሎች ክፉኛ ነጡ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያጠኑት አንዱ ምክንያት ነፋስ ሆኖ ተገኘ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ሻማል የሚባለው ነፋስ በዚያ ወቅት ደክሞ ነበር። ነፋሱ ሲደክም ትነቱ ይቀንሳል፣ ትነቱ ሲቀንስ ባሕሩ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ይጠብበታል። እኛ ሻማል ሲነሳ አቧራውን እንራገማለን። መስኮት እንዘጋለን፣ ልብስ ከገመድ ላይ እንሰበስባለን። ከሥር ላሉት ግን ማራገቢያቸው ነው።

መለኪያውም ሰው ነው፣ ይሞቀዋል

ይሄን አጠር ላድርገው፣ ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሙቀቱን ብቻ የሚያስብ ሰው ጨዉ ላይ ይሸወዳል። ብዙ ቤት ውስጥ የማገኘው መለኪያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው የመስታወት ዘንግ ነው። እሱ የሚለካው የውሃውን ክብደት እንጂ ጨዉን አይደለም። በ25 ዲግሪ ትክክለኛ የሆነ የባሕር ውሃ 1.026 ላይ ያስነብበዋል። ያንኑ ውሃ 38 ዲግሪ ላይ ብትለካው ውሃው ስለሰፋና ስለቀለለ ዘንጉ ወደ ታች ይሰምጣል። በኪሎ ወደ 5 ግራም ገደማ ጨው የጎደለ ያስመስልሃል። ጨው ትጨምራለህ። ውሃው ሲበርድ ትርፍ ጨው ይዘህ ትገኛለህ።

በአንድ ጠብታ የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ይሻላል። ጠብታዋ መስታወቱ ላይ ወዲያው የመሣሪያውን ሙቀት ትይዛለች። ግን መሣሪያው ራሱ የት ነው ያደረው? አብዛኞቹ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ብቻ ነው ራሳቸውን የሚያስተካክሉት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከነበረ ያ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ አሁን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው፣ ደንበኛ ቤት ስገባም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትንሽ አሳርፈዋለሁ። ሻይ እስኪመጣ ይበርዳል።

በርሜሉ ከደረጃው ሥር

በጥር ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፣ ጋራዡ ይበርዳል፣ ከመኪናው የማይወርደው ሂተር በመጨረሻ ሥራ ያገኛል። ያኔ የምጠነቀቀው ሌላ ነገር ነው። ውሃ ከመቅዳታችን በፊት የገንዳው ሂተር ይጠፋል። ውሃው ሲጎድል የጋለው መስታወት አየር ላይ ይቀራል። አዲሱ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ኤሌክትሪኩም ውሃው ውስጥ ነው ያለው። እጅህም ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ዝርዝራችን ላይ በሁለተኛ መስመር ብንጽፈው ምን አለበት እላለሁ።

ያ የጁሜይራ ሰውዬ ከሁለት ወር በፊት አዲስ ሐሳብ አመጣ። በየሳምንቱ ከመምጣት በወር አንዴ መጥታችሁ አርባ በመቶ ቀይሩ አለ። ከክፍያ አንፃር ገባኝ። ለአርባ በመቶው የክዳኑን ስሌት በስልክ ጻፍኩለት። የ12 ዲግሪ ልዩነት በአርባ በመቶ፣ 4.8። ገንዳህ ወደ 31 ሊጠጋ ነው አልኩት። ብዙ ሳይቆይ መለሰልኝ። «በርሜሉን ለምን ቤት ውስጥ አናስቀምጠውም?» አለ።

ልክ ነው። ከበረዶውም ከቺለሩም ይቀላል። ቤቱ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። 50 ሊትር ከሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የሱ ግን 200 ሊትር ነው፣ እሱ ወደ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ትልቅ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ባለቤቱ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ በርሜል አይገባም አለች። ድርድሩ ለሁለት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ በርሜሉ ከደረጃው ሥር፣ ጫማ ከሚቀመጥበት አጠገብ ገባ። በወር አንዴ የነበረው ሐሳብም በየሁለት ሳምንቱ ሃያ በመቶ ሆነ። መቶ ሊትር ነው፣ ከተመሸ ገብቶ በማግስቱ ከሰዓት ይደርሳል።

አሁን የቀረን ጭቅጭቅ ከኩያ ጋር ነው። በርሜሉ ውስጥ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ አለ። እኔ ጨዉ ከሟሟ በኋላ ማታ ይጥፋ ባይ ነኝ። ፓምፕ ራሱ ሙቀት ይሰጣል፣ ለማቀዝቀዝ አስገብተነው መልሰን እናሞቀዋለን። ኩያ ደግሞ የቆመ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ የሚንቀሳቀስ ውሃም ቶሎ ይበርዳል፣ ፓምፑ የሚሰጠው ሙቀት ምንም አይደለም ይላል። እኔ ሄጄ አጠፋዋለሁ። እሱ ተከትሎኝ ይመጣና ይከፍተዋል። ቴርሞሜትር ይፍረደን ብያለሁ። እሱ የኔን ቴርሞሜትር አያምነውም።